ውሃ መውረድ፦ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ቤተሰቦች ዘንድ የዋና ጉዞ ልማድና ትርጉሙ

በእሑድ ወይም በበዓል ቀን ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ሰፈሮች ተነሥተው ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሶደሬ ወይም ወደ ላንጋኖ ለዋና የሚወርዱ ቤተሰቦች ብዙዎች ናቸው። ይህን ልማድ ላይ ላዩን የሚመለከት ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ መዝናኛ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ የዋና ልብሱ፣ በአየር የሚነፋው መንሳፈፊያና በሐይቅ ዳር የታነጸው ሎጅ ለዚህ ግምት ምስክር ይመስላሉና። ይሁን እንጂ ጉዞው ከዝግጅቱ እስከ መልሱ በየደረጃው ሲመረመር፣ መልኩ አዲስ ቢሆንም የተመሠረተበት ሐሳብ የቆየ መሆኑ ይገለጻል። ሕዝቡ ከውሃ ጋር ያለው ጥንታዊ ግንኙነት፣ ይኸውም መታጠብ፣ መፈወስ፣ መባረክና መጫወት፣ በዚህ የአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ነው። አንደኛ፣ ቤተሰቡ በቅርቡ ያለውን ወንዝ ትቶ ሩቅ ወደ ሆነው ውሃ የሚሄድበትን ምክንያት፤ ሁለተኛ፣ የጉዞው ቀን የሚመራበትን ያልተጻፈ ሥርዓት፤ ሦስተኛ፣ ውሃው ከቤት እየራቀ በሄደ መጠን ስለ ውሃ የነበረው ዕውቀት የደረሰበትን ሁኔታ። ይህ ሦስተኛው ጉዳይ የልጆችን ሕይወት የሚነካ ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል ያስፈልገዋል።

ሀ. የቦታው ሁኔታ

ነፋስ ስልክ ላፍቶ በአዲስ አበባ ደቡብና ደቡብ ምዕራብ የሚገኝ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ ጎፋን፣ መካኒሳን፣ ሳሪስን፣ ለቡን፣ ጀሞንና ሌሎችንም ሰፈሮች ያቅፋል። ከስሙ የመጀመሪያው ክፍል ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የቴሌግራፍ ጣቢያ የተወሰደ ነው፤ ሕዝቡ የሬዲዮን ሞገድ «የነፋስ ስልክ» ብሎ ስለ ሰየመው ስሙ ለሰፈሩ ቀረ። ሁለተኛው፣ ላፍቶ፣ በኦሮምኛ የግራር ስም ነው። እንግዲህ ስሙ ብቻውን ሁለት ዘመን ያሳያል፤ ግራር የበቀለበትን መስክና በመስኩ ላይ የመጣውን ከተማ።

በዚህ ምድር ላይ ውሃ አልጠፋም። ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ምዕራብ ከወጨጫ ተራራ አካባቢ ተነሥቶ፣ የከተማውን ምዕራባዊ ክፍል አቋርጦ፣ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል ይመጣል። ሁለቱም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ገብተው ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ከተማው ሳይሰፋ በፊት የሰፈር ልጆች በእነዚህ ወንዞችና በገባሮቻቸው ይንቦጫረቁ፣ እናቶችም ልብስ ያጥቡ እንደ ነበር በዕድሜ የገፉ ነዋሪዎች ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ የፋብሪካው ዝቃጭ፣ የመኖሪያ ቤቱ ፍሳሽና የጎዳናው ጥራጊ ሁሉ ወደ ወንዙ ገባ። በትንሹ አቃቂ ዳር በሚለማው የጎመንና የሰላጣ አትክልት ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ከባድ ብረታ ብረቶች ወደ ቅጠሉ መግባታቸውን ገልጸዋል። አባ ሳሙኤልም በእምቦጭ አረም የሚሸፈን ሆነ። ስለዚህ በሰፈሩ ወንዝ ሲያልፍ ይታያል፤ ሰው የሚገባበት ውሃ ግን የለም።

የሰፈሩ አቀማመጥ ራሱ ሌላ መንገድ ይጠቁማል። ከሳሪስ ተነሥቶ በቃሊቲ በኩል የሚወርደው ጎዳና ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ አዳማና ወደ ሶደሬ ያደርሳል። ከለቡና ከጀሞ በዓለም ገና የሚወጣው ደግሞ አንዱ ቅርንጫፉ ወደ ወሊሶ ፍል ውሃ፣ ሁለተኛው በቡታጅራ አድርጎ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይወስዳል። የደቡብ አዲስ አበባ ሰው ለውሃ «መውረድ» የሚለውን ቃል የሚጠቀመው በምሳሌ ሳይሆን በእውነት ነው፤ ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ሲኖራት፣ ሶደሬ ከዚያም በብዙ ዝቅ ያለ ነው። በወረዱ ቁጥር አየሩም ውሃውም ይሞቃል።

ለ. ሰው ወደ ውሃ የሚሄድባቸው አራት ምክንያቶች

በደጋው ሕዝብ ልማድ ሰው ወደ ውሃ የሚሄደው በአራት ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ለማጠብ ነው። ወንዝ የሴቶች የሥራ ቦታ ነው፤ ልብስ በድንጋይ ላይ ይመታል፣ ሳሙና ባልነበረበት ዘመንም ሆነ ከመጣ በኋላ እንዶድ ተወቅጦ ያገለግላል። ይህ ተራ የሚመስል ሥራ ለዓለም ሳይንስ ያበረከተው ነገር አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መብዛታቸውን ተመለከቱ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ተሐዋሲ በቀንድ አውጣው ውስጥ የሚያድግ በመሆኑ፣ እንዶድ ቀንድ አውጣውን መግደሉ ለመከላከያ የሚሆን ግኝት ሆነ። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ሁለተኛው ለመፈወስ ነው። ጠበልና ፍል ውሃ በዚህ ይመደባሉ። ጠበል በጸሎት፣ ፍል ውሃ በሙቀቱና በማዕድኑ ይፈውሳል ተብሎ ይታመናል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ሁለቱን አይለያይም። ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ ፍል ውሃ ውስጥ ሲገባ አስቀድሞ ያማትባል።

ሦስተኛው ለመባረክ ነው። የጥምቀት በዓል በጥር 11 ቀን የሚከበረው በውሃ ዳር ነው። ጳጉሜን 3 ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ሰማይ እንደሚከፈት ስለሚታመን በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ እንደ ጠበል ይቆጠራል፤ ልጆችም ራቁታቸውን ወጥተው ይታጠቡበታል። በዘመን መለወጫ ዋዜማና ማለዳ ወንዝ ወርዶ ገላን መታጠብ ያለፈውን ዓመት ሸክም እንደ ማራገፍ ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ከመስቀል ቀጥሎ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚከበረው ኢሬቻ፣ እርጥብ ሣርና አበባ በውሃው እየነከሩ ፈጣሪን የሚያመሰግኑበት ነው። ሆራ ማለት ከብት የሚጠጣው ማዕድን ያለበት ውሃ ነው፤ ቢሾፍቱ የሚለውም ስም ቢሻን፣ ማለትም ውሃ፣ ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ነው። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ኢሬቻ በአዲስ አበባም በሆራ ፊንፊኔ ተከብሯል።

አራተኛው ለመጫወት ነው። ይህ ባብዛኛው ለወንዶች ልጆች የተተወ ነበር። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ወንዙ በሚጠልቅበት ቦታ ከታላላቆቹ ጋር እየገባ ዋና ይማራል፤ አስተማሪውም ዕድሜ ብቻ ነው። ሴት ልጅ ግን ወደ ወንዝ የምትወርደው እንስራ ወይም ልብስ ይዛ ስለሆነ፣ ውሃውን ከወንዱ ይልቅ ዘወትር እያየችው ዋና ሳትማር ታድጋለች።

የቤተሰብ የዋና ጉዞ አዲስነቱ አራቱን ምክንያቶች በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ ማገናኘቱ፣ እንዲሁም ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ሕፃን በአንድ ውሃ ዳር ማስቀመጡ ነው።

ሐ. ከተማው ወደ ውሃ የወጣበት ታሪክ

አዲስ አበባ ራሷ ከመታጠቢያ ጉዞ የተወለደች ከተማ ናት። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በእንጦጦ ሳለ፣ መኳንንቱ ከብርዱ ተራራ እየወረዱ በፊንፊኔ ፍል ውሃ ይታጠቡ ነበር። እቴጌ ጣይቱ የቦታውን ልምላሜና የአየሩን ጠባይ ወድደው በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ለአንድ ቀን መታጠቢያ የተወረደበት ስፍራ መኖሪያ ሆነ፤ ፍል ውሃውም በከተማው መካከል ቀረ። የፍል ውሃ ድርጅት መታጠቢያ ክፍሎች ለብዙ የከተማ ቤተሰብ ገላን በሙቅ ውሃ የማጠብ ልማድ የተጀመረባቸው ናቸው።

የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሁለተኛው ምዕራፍ ተከፈተ። ሐዲዱ በቢሾፍቱና በአዳማ በኩል ስለሚያልፍ ሐይቅ ለከተማ ሰው ቅርብ ሆነ። ደብረ ዘይት በሚል ስም ትታወቅ በነበረችበት ዘመን ቢሾፍቱ የከተማው ሰው ማረፊያ ሆነች። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና በከተማው ስም የሚጠራው የቢሾፍቱ ሐይቅ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚጎበኙ ውሆች ናቸው። ከአዳማ አልፎ በአዋሽ ዳር ያለው ሶደሬ ደግሞ ፍል ውሃው ወደ ዋና ገንዳ እንዲገባ ስለ ተደረገ፣ ፈውስንና ጨዋታን ባንድነት የሚሰጥ ቦታ ሆነ። ከወንዙ ራሱ ግን ሰው ይጠነቀቃል፤ አዋሽ አዞ አለበትና።

ሦስተኛው ምዕራፍ የመኪናና የክፍያ ዘመን ነው። ከ2007 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ አገልግሎት የሰጠው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ጊዜውን አሳጠረው። በዚያው ልክ የሐይቆቹ ዳርቻ በሎጅና በመዝናኛ አጥር እየተከለለ፣ ወደ ውሃው መውረድ የመግቢያ ዋጋ የሚጠየቅበት ሆነ። ቀድሞ በነጻ ይገኝ የነበረው በሁለት በኩል ጠፋ፤ በሰፈር ያለው ወንዝ በእድፍ፣ በሩቅ ያለው ሐይቅ በአጥር።

መ. የጉዞው ቀን ሥርዓት

ጉዞው የሚቆረጥበት ጊዜ በጾምና በዝናብ ይወሰናል። በዐቢይ ጾም ክርስቲያኑ ቤተሰብ እምብዛም አይወጣም፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንቶች ግን ዋነኞቹ የጉዞ ቀኖች ናቸው። ሙስሊሙ ቤተሰብ ከዒድ በኋላ ባሉት ቀናት ይወጣል። በክረምት መንገዱም ውሃውም ስለማይመች ነገሩ እስከ ዘመን መለወጫና እስከ መስቀል ይቆያል።

አንድ ቤተሰብ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይሄድም። ወንድማማችና እኅትማማች፣ የክርስትና ልጅ፣ አንዳንድ ጊዜም ጎረቤት ተጨምሮ ሚኒባስ በኮንትራት ይያዛል፤ ወጪውም በየቤቱ ይዋጣል። ለልጆች መቀመጫ አይቆጠርም፤ በትልልቆቹ ጭን ላይ ይታቀፋሉ። ከፊት ከሹፌሩ አጠገብ የሚቀመጠው በዕድሜ የሚበልጠው ነው።

ስንቁ የሴቶች ሥራ ነው። ዝግጅቱ ከዋዜማው ይጀመራል፤ ድፎ ዳቦ ይጋገራል፣ ዶሮ ይሠራል፣ ቆሎ ይቆላል፤ ለጧት ቁርስ ፍርፍር ለብቻው ይያዛል። ጀበናው፣ ስኒው፣ የከሰል ምድጃውና ዕጣኑ በአንድ ዘንቢል ይታሰራሉ። ወንዶቹ በበኩላቸው በዱከም ቆመው ሥጋ መግዛትን እንደ ድርሻቸው ይቆጥሩታል። ብዙ መዝናኛዎች ምግብ ከውጭ ማስገባትን ስለሚከለክሉ አንድ አዲስ ልማድ ተፈጥሯል፤ ስንቁ ከበሩ ውጭ በመኪናው ውስጥ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ይበላና ቤተሰቡ ከጠገበ በኋላ ይገባል። እናቲቱ ሌሊት የደከመችበትን ምግብ በአጥር ውጭ ማብላቷ ቅር ቢያሰኛትም፣ የቤት ምግብን ትቶ በውድ ዋጋ መብላት ከዚያ የባሰ ሆኖ ይታያታል።

ውሃው ዳር ሲደረስ ሰዉ በዕድሜና በጾታ ይለያል። አያቶች ጥላ ይይዛሉ፤ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ብቻ ይነክራሉ። ከእነርሱም አንዷ በእፍኟ ውሃ ዘግና አማትባ የልጆቹን ፊት ማበሷ የተለመደ ነው። ከዚህ በፊት በተነገረው አከፋፈል መሠረት፣ ይህች አያት መዝናኛውን ለአፍታ ወደ ቡራኬ ቦታ ትለውጠዋለች። ጎልማሶች ወንዶች ቀድመው ይገባሉ፤ ዋና የሚችለው ከሚመለከቱት ፊት ርቆ ይሄዳል፤ የማይችለው ደረቱ እስኪደርስ ድረስ ብቻ ገብቶ ይቆማል። ልጃገረዶች በካናቴራና በሱሪ ይገባሉ፤ የዋና ልብስ ግዴታ በሆነበት ገንዳ ዳር ግን ብዙዎቹ ቁጭ ብለው ይመለከታሉ። እናቶች ከሁሉ በኋላ ይገባሉ፤ ብዙዎቹም ጨርሶ አይገቡም። የእነርሱ ሥራ ፎጣ ይዞ መቆም፣ ስም እየጠሩ ልጆችን መቁጠርና «በቃህ፣ ውጣ» ማለት ነው።

ከዋና በኋላ የሚታየው ጥንቃቄ የቆየ የሕክምና ሐሳብ አለበት። እርጥብ ገላ ለፀሐይ ሲጋለጥ ምች ይመታል ተብሎ ስለሚታመን፣ ልጁ ወዲያው ደርቆ ቅባት ተቀብቶ ወደ ጥላ ይገባል። ምች የመታው ሰው መድኃኒቱ ዳማ ከሴ ነው፤ ቅጠሉ ታሽቶ ጭማቂው ይሸተታል፣ ይጠጣልም። በመጨረሻ ቡና ይፈላል። ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ ሣር ተጎዝጉዞ ዕጣን ይጨሳል፤ ካልፈቀደም የተፈላ ቡና ይገዛል። ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣ አይነሣም፤ የቤቱ ሥርዓት በውሃው ዳር የሚተከለው በዚህ ነው።

ሠ. ስለ ውሃ የነበረው ዕውቀትና የሚመጣው አደጋ

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ተረት በሕዝቡ ዘንድ ስለ ውሃ ያለው ጥንቃቄ የተጠቃለለበት ነው። ከዚህ ሌላ፣ በቀትር ወንዝ መውረድ ክልክል ነው የሚል እምነት አለ፤ በዚያ ሰዓት በውሃ ዳር ጋኔን ይገኛል ይባላልና። እነዚህን አባባሎች ከንቱ እምነት ብሎ መተው ይቀላል፤ የሚሠሩትን ሥራ ማየት ግን ይበልጣል። ቀትር ትልቅ ሰው ከፀሐይ የሚጠለልበት፣ ወንዙም ያለ ጠባቂ የሚቀርበት ሰዓት ነው። ጋኔኑ ልጁን ብቻውን ከውሃ ያርቀዋል። እምነቱ ከአደጋው ሰዓት ጋር የተገጣጠመ ደንብ ነው።

ደንቡ ሙሉ የነበረው ግን ከትምህርቱ ጋር ነው። ወንዙ በየቀኑ ስለሚታይ ልጁ የት እንደሚጠልቅ፣ በክረምት ጎርፉ በምን ፍጥነት እንደሚመጣ፣ አለቱ የት እንደሚያዳልጥ ያውቅ ነበር። ትልቅ ወንዝ ያለበት አገር ሰው በተነፋ ስልቻ ላይ ተደግፎ መሻገርን ያውቃል፤ የጣና ሰው ታንኳውን ከደንገል ይሠራል። ዕውቀት ከውሃው ጋር በመኖር የሚገኝ ነው። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ውሃ የሚያይ የከተማ ልጅ ግን ፍርሃቱን ከአያቱ ሲወርስ ዋናውን አይወርስም።

የሚሄድበት ውሃም የማያውቀው ነው። ከቢሾፍቱ ሐይቆች ብዙዎቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተከፈቱ ጉድጓዶች በመሆናቸው ዳርቻቸው ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ጥቂት እርምጃ እንደ ሄዱ መሬቱ ከእግር ሥር ይጠፋል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ይበልጣል። ከላይ የሞቀው ውሃ ከሥር ካለው ቀዝቃዛና አየር አልባ ውሃ ተለይቶ ይቀመጣል፤ በብርድ ወራት ሁለቱ ሲደባለቁ ዓሦች የሚሞቱበት ጊዜ አለ። በወንዝ ዳር ቀስ እያለ መግባትን የለመደ ሰው በእንዲህ ያለ ሐይቅ ዳር ይሳሳታል። በስምጥ ሸለቆ ውሆች በኩል ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ፤ ላንጋኖ ከቢልሃርዝያ የነጻ ነው ተብሎ ሲዋኝበት፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ግን በሽታው መኖሩ የታወቀ ነው። ከዓይን ሲታይ ግን የላንጋኖ ውሃ ደፍራሽና ቡናማ ስለሆነ ንጹሕ አይመስልም። መልክ ለጤንነት ምስክር እንዳልሆነ ልጁ በሌላ መንገድ ካልተማረ ከማየት ሊያውቀው አይችልም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን በጉዞው ላይ ሳይሆን በሰፈሩ ይገኛል። በከተማው ዳርቻ ለሕንጻ ድንጋይና አፈር የተቆፈሩ ጉድጓዶች በክረምት ውሃ ይቋጥራሉ። ውሃው ደፍራሽ፣ ዳሩ ቀጥ ያለና አዳላጭ ነው። በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ በእነዚህ ጉድጓዶች ገብተው የሚሞቱ ልጆች መኖራቸውን የከተማው የእሳትና የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት በየክረምቱ ያሳውቃል፤ ወላጆችንም ያስጠነቅቃል። ምክንያቱን ማስተዋል ይገባል። ልጅ በውሃ የመጫወት ፍላጎቱ ወንዙ ስለ ቆሸሸ ወይም ሐይቁ ስለ ተወደደ አይጠፋም። ቤተሰቡ ኮንትራት ሚኒባስ መያዝ ሲችል ፍላጎቱ ቢሾፍቱ ይሄዳል፤ ሳይችል ሲቀር በአቅራቢያው ያለውን ጉድጓድ ይፈልጋል። ስለዚህ የሐይቁ ጉዞና የጉድጓዱ ሞት የተለያዩ ነገሮች ቢመስሉም ከአንድ ምንጭ የሚወጡ ናቸው።

ረ. ማጠቃለያ

ከላይ ከተገለጸው ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ የቤተሰብ የዋና ጉዞ የተቀዳ ልማድ ሳይሆን፣ በቤትና በወንዝ መካከል የነበረው የቆየ ግንኙነት በመንገድና በገንዘብ ተዘርግቶ የቀጠለበት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሥርዓቱ ባይጠፋም ትምህርቱ መጉደሉ ነው፤ ስንቁ፣ ቡራኬው፣ ምቹና ቡናው ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሐይቅ ሲወርዱ፣ ዋና የሚያስተምሩት ታላላቅ ልጆች ግን ከወንዙ ጋር ቀርተዋል። ሦስተኛው፣ ይህ ጉድለት በሴቶች ልጆችና በድኻ ቤት ልጆች ላይ መበርታቱ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በ56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ልማት ለመሥራት የታቀደ ሲሆን፣ ከተማው ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ኖረው ወንዝ ፊቱን እንዲመልስ ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የወንዝ ዳር መናፈሻ መሥራትና ልጅ የሚገባበት ንጹሕ ውሃ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ከላይኛው ተፋሰስ ጀምሮ ፍሳሹን መከልከልን ይጠይቃል። እስከዚያው ድረስ ጉድጓዶቹን መድፈንና ማጠር፣ ዋናንም ለወንዱም ለሴቷም በትምህርት ቤት ማስተማር ይቻላል። የኅብረተሰብን ልማድ የሚያጠኑ ሰዎችም ድርሻ አላቸው፤ የቀትሩን ጋኔን ተረት ከመሰብሰብ አልፈው ተረቱ ይጠብቀው የነበረውን ልጅ ዛሬ የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይኖርባቸዋል።